የፔዳሉ ኮሽታ

ጥቅምት 6

ለወንድሜ ለጆሮ፣

ሰላም ነህ ወይ? እኛ አለን። አለን ስልህ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ አለን ማለቴ ነው። ስልክ አላነሳም ብለህ በዚህ ዘመን ወረቀትና እስክሪብቶ አስያዝከኝ። ፖስታ ቤት ቴምብር ስጠይቅ ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ለማን ነው?» አለች። ስልክ ለሚፈራ ወንድሜ ነው አልኳት። ሳቀች፤ እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

ደርሷል ወይ ላልከው፣ ደርሷል። ዲጂታሉን ፒያኖ ሁለት ሰዎች ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እየተሳሳቁ አወጡት። የአባዬን ፒያኖ ያወረዱት ስድስቱ በዚያው ደረጃ ላይ ሲራገሙ ነበር የዋሉት። እማዬ ከአልጋዋ ሆና «ባዶ ሣጥን ነው እንዴ ያመጡት?» አለች። ዓይኗ ማየት ካቆመ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ የሰው እርምጃ ሰምታ ግን የተሸከመውን ዕቃ ክብደት ትነግርሃለች።

አልደብቅህም፣ አልወደደችውም። አሮጌው ከተሸጠ ወዲህ ሾርባ ሲቀርብላት ሁለት ማንኪያ፣ ሦስት ማንኪያ፣ ከዚያ አፏን ትዘጋለች። አዲሱ ሲመጣ ይለወጣል ብዬ ነበር። ተቀምጬ አባዬ የሚወዳትን ዜማ ስጀምርላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምነው ስላት «ኮሽታ የለውም» አለችኝ። የምን ኮሽታ? «አባትሽ ፔዳሉን ሲረግጥ ኮሽ የሚለው ነዋ። ይኼማ ሰው የሌለበት ቤት ነው።» አባዬ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ እሷ የምትናፍቀው የእግሩን ድምፅ ነው።

ሐኪሙ ትናንት መጥቶ ነበር። ክብደቷ እንዲህ መቀነሱን ከቀጠለ ሆስፒታል አስገብተን በቱቦ እንመግባታለን አለ። ቱቦ የሚለውን ቃል ሰምታ እጇን ከብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቀች። የአሮጌው ፒያኖ ደረቱ ተሰንጥቋል፣ ከእንግዲህ አይቃኝም፣ ይሸጥ ያልከው አንተ ነህ። አልወቅስህም። ለመውቀስም ጉልበት ያስፈልጋል፣ እኔ ጋ ደግሞ አልቋል። ግን ፒያኖ ቃኚው አንተ ነህና መላ በለኝ፤ ይኼ ማሽን ኮሽታ የሚባል ነገር አለው? ደግሞ ና፣ እያት።

እህትህ

ጥቅምት 17

እታለም፣

ስላልደወልኩ ይቅርታ፣ መልሱን ስላዘገየሁ ይቅርታ። አንድ ትርፍ ይቅርታ ደግሞ ከአሁኑ አስቀምጪልኝ፣ ያስፈልገኛል።

ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ ማሽኑ ላይ ኮሽታ አለ። እውነተኛ ፒያኖ ውስጥ ክሮቹ ላይ የተኙ ሱፍ የለበሱ ማፈኛዎች አሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ ሁሉም ባንድ ጊዜ ብድግ ይላሉ። ኮሽ የሚለው እሱ ነው። ያንቺው ውስጥ ክርም የለ፣ ሱፍም የለ፤ ስለዚህ የሠሩት ሰዎች የሌላ ፒያኖ ኮሽታ ቀድተው ከተውበታል። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ያንን ድምፅ ለማጥፋት ወንበር ሥር ተንበርክኮ ዘይት ሲቀባ ኖረ፣ አሁን ደግሞ እውነት ለማስመሰል ሆን ተብሎ ይጨመራል። ቢሰማ ኖሮ እንዴት ይስቅ ነበር!

አደራረጉ እንዲህ ነው። ግራ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሿን ቁልፍ ተጭነሽ ያዢያት። ስክሪኗ ላይ ዝርዝር ይወጣል። የክዳን አከፋፈት የሚለውን እለፊው። የክር ማስተጋባት የሚለውንም እለፊው፣ እሱን ብትነካኪ ሌላ ጣጣ ነው። ከዚያ የፔዳል ድምፅ የሚል ታገኛለሽ፣ ከዜሮ እስከ አሥር። ያንቺው ዓይነት እኛ ወርክሾፕ አለና ለምሳ ሲወጡ ብቻዬን ሞከርኩት። እስከ ሰባት ድረስ ምንም የለም። ስምንት ላይ ነው ትንሽ ኮሽ የሚለው። ስምንት አድርጊው።

ስለ መምጣቴ የጻፍሽው ገብቶኛል። ሥራው ትንሽ ጋብ ሲል። እንደዚያ ብለህ ስንተኛህ ነው እንዳትዪኝ፣ እኔም ቆጥሬዋለሁ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 29

ጆሮ፣

አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ? ኮሽታ አልኩህ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አልጠየቅኩህም! ስምንት አድርጌ ገና ስረግጠው ከጀርባዬ ሰው ብርድ ልብስ ያራገፈ መስሎኝ ዘወር ብያለሁ። ዜማው ሳይጀመር ኮሽታው ክፍሉን ሞላው። የታችኛዋ ጎረቤት እንኳ «ምን እየጠረጋችሁ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ልቀንሰው እጄን ስዘረጋ እማዬ ከጓዳ «መጣ እንዴ?» አለች።

«ማን?» አልኳት።

«አባትሽ ነዋ። እግሩን ሰማሁት።»

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ማሽኑ ነው፣ ልጅሽ ጆሮ ነው እንዲህ አድርጊው ያለኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ተጫወትኩ። ሁለት ዜማ ተጫውቼ ልነሳ ስል «ገና አሁን መጥቶ ምን ያስቸኩለዋል?» አለች። እንደገና ተቀመጥኩ። ስጨርስ ከተቀመጥኩ አንድ ሰዓት ሞልቶኝ ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ፤ ሾርባውን ጨረሰችው። ሳህኑን ጨረሰችው ነው የምልህ! ደግሞ «ለእሱስ? ያን ያህል ተጫውቶ ደክሞት» አለችኝ። ሌላ ሳህን አመጣሁና ከጎኗ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ጠግቤያለሁ ይላል። ከሚጣል አንቺ ብይው፣ ተቀመጪና ብይው» አለች። የአልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የአባዬን ሾርባ በላሁ። እንባዬ ሳህኑ ውስጥ ሲወድቅ እንዳትሰማኝ እየፈራሁ ነው የበላሁት።

ራሷን እየሳተች ነው መሰለኝ። እየበላችም ነው። ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝ፣ የትኛውን ልያዝ?

እህትህ

ኅዳር 8

እታለም፣

ቀንሺው። ዛሬውኑ ዜሮ አድርጊው።

ተቆጣህ አትበዪኝ፣ ፈርቼ ነው። ዛሬ መጣ ብላ ታምናለች፤ ነገ ለምን ገብቶ አያናግረኝም ትላለች፤ ከነገ ወዲያ ምን ልትመልሺላት ነው? አባዬን ሁለተኛ ልትቀብረው ነው? ያንን ቀን አንቺም እኔም እናስታውሰዋለን። ግድግዳውን ይዛ እንዴት እንደቆመች አስታውሺ። ሾርባ ለማስበላት ብለን ያንን እንደገና እናድርግባት?

እናታችን አትታለልም ብዬ ነበር የማምነው። አንድ ጊዜ ሳል ነው ብዬ ከትምህርት ቤት ስቀር የውሸት ሳል ከደረት አይመጣም ብላ ከአልጋ ያስነሳችኝ ሴትዮ ናት። አሁን በማሽን ኮሽታ ከተታለለች እውነትም ደክማለች፣ ይኼንን መስማት ደግሞ አቅቶኛል።

ስምንት በጣም ይጮሃል ያልሺው ግን አልገባኝም። ምናልባት ያንቺው ስፒከር ሌላ ይሆናል።

ስልኩን በተመለከተ፣ አታስጨንቂኝ። ጻፊልኝ። ስትጽፊልኝ ይሻላል።

ወንድምሽ

ኅዳር 19

ጆሮ፣

ዜሮ አድርጊው አልክ። ና፣ አንተ አድርገው!

ቀኔን ልንገርህ፣ ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሳለሁ። አገላብጣታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ደርሼ እስከ ሰባት ሰዓት የልጆች ስም እጽፋለሁ። እስክመለስ የታችኛዋ ጎረቤት ብቅ እያለች ታያታለች። ስመለስ ደረጃውን ወጥቼ፣ የታጠበውን ይዤ ወርጄ አስጥቼ፣ እንደገና ወጥቼ አበስላለሁ። ምሳዬን የምበላው ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሜ ከድስቱ ነው። ከተቀመጥኩ የምነሳ አይመስለኝም። ባለፈው ሳምንት ስም እየጻፍኩ እንቅልፍ ወስዶኝ የአንዱን ልጅ የአባት ስም አጋድሜ እስከ ገጹ ጫፍ ድረስ ጎትቼዋለሁ። ዳይሬክተሩ አይቶ ሻይ አመጣልኝ። ቢቆጣ ነበር የሚሻለኝ።

ደግሞ አላደረግሽውም እንዳትል፣ ማክሰኞ ዜሮ አድርጌው ነበር። ትንሽ ተጫወትኩና የረጠበ ልብስ ትዝ ብሎኝ ተነሳሁ። «ዛሬ አልመጣም?» አለች። አልመጣም፣ እኔ ነኝ አልኳት። «አንቺማ ሥራ አለሽ፣ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አለችና አፏን ዘጋች። ማንኪያውን ይዤ ለመንኳት። እንደ ሕፃን «አ በይ» እያልኩ ለመንኳት። በማግስቱ ስምንት አደረግኩት። በላች።

ስለዚህ እዋሻለሁ። ሰው በአፉ ይዋሻል፣ እኔ በየቀኑ በእግሬ እዋሻለሁ። ለምን ወደዚህ አይገባም ትላለች ያልከው አልሆነም፤ አንድ ቀን እንኳ ግባ አላለችውም። ከወዲያ ሆኖ መጫወቱ በቅቷታል። ይኼም ያስለቅሰኛል።

ሐኪሙ እሷን አይቶ ሲጨርስ እኔንም ተቀመጪ ብሎ ደሜን ለካኝ። ሦስት ሳምንት እረፍት ካልወሰድሽ ሁለት አልጋ ነው የሚያስፈልጋችሁ አለ። ከእንግዲህ ሥራው ጋብ ሲል የሚባል ነገር አልሰማም። ሦስት ሳምንት፣ ጆሮ። እኔ አንተ ክፍል መጥቼ ልተኛ፣ አንተ እዚህ ና። ኮሽታውንም ራስህ እንደፈለግክ አድርገው፣ ግን የተዘጋው አፏ ፊት ቆመህ አድርገው።

እህትህ

ታኅሣሥ 1

እታለም፣

እመጣለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እደርሳለሁ፣ አንቺ በከሰዓቱ አውቶቡስ ትወጫለሽ። የክፍሌ ቁልፍ አከራዬ ጋ ነው፤ ደግ ሴት ናት፣ ወሬ ትወዳለች፣ ታገሻት። አልጋው ትንሽ ይጮሃል አሉ።

ክፍሌ ውስጥ የምታዪው ነገር ይኖራል። ሰብስቤ ልደብቀው አስቤ ነበር፣ ግን እሱም ሰለቸኝ። ያስቀመጥሽልኝ ትርፍ ይቅርታ ካለ አሁን ነው የምፈልገው። ከመፍረድሽ በፊት ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 13

ጆሮ፣

ክፍልህ ገባሁ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ አሥራ አራት ሰዓት ተኛሁ። ስነሳ የት እንዳለሁ ጠፋኝ፣ እማዬ ጠርታኝ ሳልሰማ የቀረሁ መስሎኝ ብድግ ብዬ በሩ ጋ ደርሼ ነበር። ማንም አልጠራኝም። አከራይህ ዳቦና ሻይ ይዛ ቆማ «እህቱ ነሽ አይደል? እሱም እንዲሁ ነው፣ ስናንኳኳ አይሰማም» አለችኝ።

አይሰማም የሚለው ቃል ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

መስኮቱ ላይ ያለውን ሣጥን አየሁት። የጆሮ መስሚያ ነው፣ ከነላስቲኩ፣ አልተከፈተም። ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አምና የተጻፈ ነው። ተነስቼ ወርክሾፕህ ሄድኩ። የወርክሾፑ ባለቤት ሽማግሌው በጣም አከበረኝ፣ ወንበር በእጁ ጠርጎ ሰጠኝ። አንተ ፒያኖ መቃኘት ካቆምክ ዓመት ሊሞላህ መሆኑን የነገረኝ እሱ ነው። ዕቃ አሻጊ ነህ አለኝ። ቀኝ ጆሮህ ጠፍቷል፣ ግራህም እየተከተለ ነው አለኝ። «ልናባርረው አልፈለግንም፣ እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው» አለ።

እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ የእኔው ዓይነት ማሽን ቆሟል። ሄጄ ተቀመጥኩና የፔዳሉን ድምፅ ከዜሮ ጀምሬ አንድ በአንድ ጨመርኩት። ሦስት ላይ የአባዬ ኮሽታ ቁርጥ ናት። ሦስት ላይ! እስከ ሰባት ምንም የለም ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ሽማግሌው መሐረብ አመጣልኝ። እኛ ቤት አባዬን ያስነሳው ያንተ ጆሮ ነው ማለት ነው።

ገና አምስት ዓመት ሳይሞላህ አባዬ ሙዚቃ ሲያስተምር ከአርባ ተማሪ መሐል የትኛው እንደሳተ አንተን ነበር የሚጠይቀው። ጆሮ ብሎ የጠራህ ያን ጊዜ ነው። እኔ በዚህ ስም ቀንቼ አውቃለሁ። አሁን በጻፍኩልህ ቁጥር ስንቴ ወግቼሃለሁ? ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ? ስልክ ጠላሁ ብለህ ከምታኮርፈኝ አልሰማም ብትለኝ ምን ነበረበት?

አሁን ሌላው ነገር። ቅዳሜ በር ላይ ቆሜ የመድኃኒቱን ሰዓት ስነግርህ እሺ፣ እሺ፣ እሺ ስትል ነበር። አንዱንም አልሰማኸኝም ማለት ነው! ነጩ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት። ቢጫው ከምግብ በኋላ ብቻ። የጀርባዋ ቅባት ከታጠበች በኋላ። በትልቁ ጻፍና ግድግዳው ላይ ለጥፈው።

ፔዳሉን ምን እንዳደረግከው አልጠይቅህም። ጠይቄሃለሁ፣ እየው። ምን አደረግከው?

እህትህ

ታኅሣሥ 24

እታለም፣

መድኃኒቱን በትክክል ሰጥቻለሁ፤ እማዬ ራሷ ነች ሰዓቱን የነገረችኝ። ለቢጫው «ከምግብ በኋላ ነው፣ አትቸኩል» ብላ እጄን ያዘችኝ። ያኔ ነው ራሷን አልሳተችም ብዬ መጠርጠር የጀመርኩት።

ለጆሮዬ የምሰጥሽ ምክንያት የለኝም። ለራሴም አልነገርኩትም ነበር። ሣጥኑን ከከፈትኩ እውነት ይሆናል ብዬ ነው ያልከፈትኩት። አባዬ ያወጣልኝን ስም ይዤ በምን አፌ አልሰማም እላለሁ? ይኸው አልኩ። አልሰማም፣ እታለም።

ፔዳሉን ገና በመጀመሪያው ቀን ዜሮ አደረግኩት። እንደፎከርኩት ማለት ነው። ተቀምጬ ተጫወትኩ፣ በጣቴ ትዝታ እንጂ በጆሮዬ አይደለም። ከዚያ ሾርባውን ይዤ ገባሁ። እማዬ ቀና ብላ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። የሆነ ነገር አለችኝ፣ አልሰማሁም። እሺ እማዬ ብዬ ማንኪያ ስሞላ እጄን ያዘችና ወደ ግራዋ ጎተተችኝ፣ ግራ ጆሮዬን አፏ ጋ አደረገችው። «በቀኝህ ስሰድብህ ነበር» አለችኝ። «አንተ ደንቆሮ ስልህ እሺ እማዬ አልከኝ። ስንት ጊዜህ ነው?» በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ዓይን የሌላት ሴትዮ! አንድ ዓመት የደበቅኩትን። አለቀስኩ። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ፀጉሬን ደባበሰችኝ።

ከዚያ እኔም እንግዲህ ልናገር ብዬ፣ እማዬ፣ አባዬኮ የለም፣ የሚጫወተው እሱ አይደለም አልኳት። ምን እንዳለችኝ ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፣ ሁለቴ አስደግሜያታለሁና።

«አባትህ እንደሞተ አንተ ነህ የምትነግረኝ? የገነዝኩት እኔ ነኝ። አላበድኩም።»

ታዲያ እህቴን ለምን አታለልሻት አልኳት።

«የመጀመሪያው ቀን እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር፤ ኮሽ ሲል ለአንዲት ትንፋሽ እሱ መሰለኝ። ከዚያ እህትህ ያቺን ሁልጊዜ የምትስታትን ቦታ ሳተቻት። መቼም ሰውዬው ከመቃብር ተነስቶ የልጁን ስህተት አይጫወትም። ልነግራት ስል ግን ተቀምጣለች። ገብቶሃል? ተቀምጣለች። እኔ ተጫወቺልኝ ስላት ሁለት ዜማ ነካ ነካ አድርጋ ብድግ ነው። ያን ቀን ለአባቷ ስትል አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ አለች። ወንበሩ ሲንቋቋ አልሰማሁም። ትከሻዋ ሲወርድ ይሰማኛል ብልህ አታምነኝም።»

ምግቡስ አልኳት።

«ምግቡማ የምር አስጠልቶኝ ነበር። ግን እህትህ ቆማ ስትበላ ማንኪያዋ ድስቱን ሲጭረው እየሰማሁ እኔ ተኝቼ ልጎርስ? አንቺ ብይ ስላት ኋላ እበላለሁ ነው መልሷ። ለአባትሽ አቅርቢ ስላት አቀረበች፤ ጠግቧል፣ አንቺ ብይለት ስላት ተቀምጣ በላች። እሷ እንድትበላ እኔም መብላት ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ሆዴም ለመደ። የዚያን ማክሰኞ ልብስ ልታሰጣ ብድግ ስትል አኮረፍኩ፣ እሱ እውነት ነው። በማግስቱ መልሳ አስጮኸችው፤ ደስ አለኝ። ኮሽታውስ ጆሮዬን ሊበጥሰው ነው፣ ግን ምን ላድርግ፣ ከቀነሰችው የምትነሳ መሰለኝ።»

እናታችን ይቺ ናት። እየታለለች ነው ብለን እኛ ስናለቅስ እሷ አንቺን እያሳረፈችሽ ነበር።

አትንገራት ብላ አስምላኛለች፤ ይኸው እየጻፍኩልሽ ነው። እስክሪብቶዬ ሲንቀሳቀስ ሰምታ «ለማን ነው የምትጽፈው?» አለች። ለእታለም ነው አልኳት። «ስለ አየሩ ጻፍላት» አለችኝ። አየሩ ደህና ነው።

ዛሬ ሙሉ ሳህን በልታለች። ፔዳሉን ሦስት ላይ አድርጌዋለሁ፤ ለእኔ ምንም አይሰማኝም፣ እሷ ግን እንደዚያ ይሁን ብላለች።

ወንድምሽ

ጥር 4

ጆሮ፣

ደብዳቤህን ያነበብኩት የአከራይህ ደረጃ ላይ ነው፣ ፖስተኛው እጄ ላይ እንደሰጠኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ሁለት ወር ሙሉ ውሸታም ነኝ እያልኩ ስኖር እሷ ጓዳ ተኝታ ወንበሩን ስታዳምጥ! በዚህ ዕድሜዬ ማንም ብልጥ ነሽ ብሎኝ የማያውቀው ለካ ለዚህ ነው። አከራይህ ምን ሆንሽ አለችኝ። እናቴ ተጫወተችብኝ አልኳት። ከዚያ ማቆም እስኪያቅተኝ አለቀስኩ፣ እሷም ምክንያቱን ሳታውቅ አብራኝ አለቀሰች። ወሬ ትወዳለች ያልከው እውነት ነው፣ ለቅሶም ትወዳለች።

አየሩ ደህና ነው በላት።

አንዱን ቦታ እንደምስት አላውቅም ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ እየሳትኩ ማንም አልነገረኝም። የቱ ጋ እንደሆነ እንዳትነግረኝ።

ሣጥንህን ይዤ እመጣለሁ። የጆሮ ሐኪሙ የሚያይህ የካቲት 3 ነው፣ ሽማግሌው ራሱ ደውሎ ቀጠሮ አስያዘልህ። እስከዚያ ተመለስ የሚልህ የለም፤ ዕቃውን እኛ እናሽገዋለን ብሏል። እዚያው ቆይ። ሁለተኛው ክፍል ያንተ ነው፣ እኔ እማዬ ጋ እተኛለሁ። አንተ ጠዋት አገላብጣት፣ እኔ ከሰዓት። መማር አይከብድህም፤ አለመስማትህን ብቻ እንደ ምክንያት አታምጣብኝ።

ሐሙስ እደርሳለሁ። ሾርባውን እኔው እሠራለሁ፣ ሁለት ሳህን አቀርባለሁ። አባትሽ መጣ እንዴ ስትለኝ አዎ መጣ እላታለሁ፣ ጠግቤያለሁ ይላል ስትለኝ ተቀምጬ እበላለሁ። እንዳወቅሁ እንዳትነግራት። ቢያንስ ይኼን አንድ ነገር በደንብ ስማኝ። እኔም ደክሞኛል፤ ትዋሸኝ።

እህትህ